ከሶኖማ ጠረፍ፦ ፒኖ ኖዋር ወይስ ሲራ?

ሁለቱም በወይን ዘራቸው ስም የሚጠሩ ቀይ የወይን ጠጆች ናቸው፤ እዚህ የማወዳድራቸው ሁለቱም የሚመጡት ከካሊፎርኒያው ሶኖማ ኮስት ነው። እዚያ የፓስፊክ ጭጋግ ጠዋት ጠዋት የወይን ማሳውን ያለብሰዋል። በቅዝቃዜው ምክንያት ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙም አይጠፋም።

የፒኖ ኖዋር ፍሬ ልጣጭ ስስ ነው፤ ስለዚህ የወይኑ ቀለም ፈዘዝ ይላል። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ጣታችሁን ከኋላ ብታስጠጉ፣ በወይኑ ውስጥ ይታያችኋል። ቼሪ ቼሪ፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፤ አንዳንዴም ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። አፍ የሚያደርቀው ታኒን ትንሽ ነው። ግን ተክሉ አመለኛ ነው፣ ዋጋውም ኪስ ይጎዳል።

ሲራ ሌላ ነገር ነው። ጠቆር ይላል፤ አፍንጫን ቀድሞ የሚመታው ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ሮተንዶን የሚባለው ውህድ በቁንዶ በርበሬውም በሲራ ልጣጭም ውስጥ አለ። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ የበቀለ ሲራ ውስጥ ደግሞ ጎላ ይላል። በሞቃት አገር የበቀለው ግን ወደ ማርማላታ ጣዕም ያደላል።

ለዶሮ ወጥስ? ብዙ ሰው «ቅመም ለቅመም» ብሎ ሲራ ያነሳል። እኔ አልስማማም። ታኒንና ከፍ ያለ አልኮል የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል። ለወጥ የምመርጠው ፒኖን ነው፤ ያውም 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀዝቀዝ ብሎ። ሲራውን ጠርዙ ጠቆር እስኪል ለተጠበሰ የበግ ጎድን አስቀምጡት። ሚጥሚጣውን ግን ቀነስ አድርጉ።