ሥልጠና ወይስ አጋዥ? ጥናትን ወደ ነርሶች ሥራ ለማስገባት

ካኑላን (መድኃኒት ወይም ፈሳሽ ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) በየ3 ወይም 4 ቀኑ መቀየር የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ ከ3,000 በላይ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን፣ ምክንያት ሲኖር ብቻ መቀየር የደም ሥር ብግነትን እንደማይጨምር አሳየ። ታዲያ ይህ ግኝት ዎርድ ውስጥ እንዴት ይግባ?

ሥልጠና፦ ርካሽ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ነርሶች ጋር ይደርሳል። ዎርድ ሲመለሱ ግን ጫናው ያው ነው፤ ልማዱ ይጎትታቸዋል።

አጋዥ፦ ነርሶቹ ለውጡን እንዲተገብሩ ሥራ ቦታቸው ላይ የሚረዳ ሰው ነው። ውድ ነው፣ ጊዜም ይፈልጋል። ግን አልጋው አጠገብ ሆኖ "ምን አስቸገራችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። የነርሲንግ ተመራማሪዋ አሊሰን ኪትሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሉትም ይህንኑ ነው፦ ማስረጃው ብቻውን አይበቃም፤ የሥራ ቦታውና እገዛውም ይወስናሉ። እኔም አምንበታለሁ። ስጋቱ፣ አጋዡ ሲሄድ ሥራው እንዳይቆም ነው።

ለቀላል አዲስ መረጃ ሥልጠናው ይበቃል። ሥር ለሰደደ ልማድ ግን አጋዥ ይመደብ።