ሳይካትሪስት፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሽማግሌ ወይስ ኦንላይን? ብር ከመክፈላችሁ በፊት

«ጥሩ ሳይኮሎጂስት ታውቂያለሽ?» የሚል ቴክስት በወር አንዴ አይጠፋም። ድሮ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም። የኛ ሰው ሲከፋው «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ሲብስበት ደግሞ «አማኑኤል ልትወስዱኝ ነው እንዴ?» ብሎ ይቀልዳል። አሁን ሰዉ መጠየቅ መጀመሩ ደስ ይላል። ግን ጥያቄው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጥርሱን ያመመው ሰው «ጥሩ የጥርስ ሐኪም» ቢል ይበቃዋል። እዚህ ግን እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ የማን ችግር ነው? ያንተ የብቻህ ነው፣ የሁለታችሁ ነው ወይስ የቤቱ ሁሉ? መልሱ ሲለያይ የሚንኳኳው በርም ይለያያል።

እስቲ ያሉትን በሮች ጎን ለጎን እንያቸው። አንዳንዱን ራሴ ገብቼበታለሁ፤ አንዳንዱን ደግሞ የቅርብ ሰው ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

መድኃኒት የሚያዘውና የሚያዳምጠው

ስሞቹ ስለሚምታቱ ከዚያ እንጀምር። ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው። መድኃኒት ያዛል፣ የደም ምርመራ ይልካል፣ ካስፈለገ ያስተኛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደግሞ መድኃኒት አያዝም፤ የሚያክመው በንግግርና በልምምድ ነው። «አማካሪ» ወይም «ካውንስለር» የሚለው ስም ሰፊ ነው። ማስተርስ ያለውም፣ አጭር ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለውም በዚሁ ስም ይጠራል። ላይፍ ኮች ዕቅድ ለማውጣት ይረዳችሁ ይሆናል፤ ድብርት ግን አያክምም።

ከእነዚህ ሌላ ብዙ ሰው የሚረሳቸው አሉ፤ የሳይካትሪ ነርሶችና በአእምሮ ጤና ማስተርስ የሠሩ ባለሙያዎች። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ የምታገኙት እነሱን ነው። መርምረው መድኃኒት ያስጀምራሉ። «ዶክተር ካልሆነ» ብላችሁ አትመለሱ።

ታዲያ ከማን ይጀመር? የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰውነት ላይ የሚታይ ነገር ካለ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ኪሎ ይቀንሳል፣ እንቅልፍ የለም እንበል። ይሄ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ሊሆንም ይችላል። አንድ የደም ምርመራ ሁለቱን ይለያል። አማካሪ ጋ ሦስት ወር ስታወሩ ብትከርሙ ግን ማንም አይነግራችሁም። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ የማያልቅ፣ ወይም ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ቤት ካለ ደግሞ ምንም ማወዳደር አያስፈልግም። የዛሬ ቀን ሳያልፍ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።

መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ይቺን ያዙ። እንደ ፍሎክሰቲን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች ሥራቸው የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይተው ነው። ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ብዙ ሰው እዚችው ላይ «አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል። ሲሻላችሁም ወዲያው አይቆምም፤ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ይቀጥላል። ዳያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ሌላ ነው። በግማሽ ሰዓት ያረጋጋል፤ ለሳምንታት ከተወሰደ ግን ሱስ ያስይዛል። ጎረቤት «እኔን ጠቅሞኛል» ብላ የምትሰጣችሁ ብዙውን ጊዜ ይሄኛውን ነው።

መንግሥት ወይስ የግል

የአማኑኤል ሆስፒታል ታሪኩ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ይጀምራል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ለአእምሮ ሕመም ብቻ የተቋቋመ ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። ስሙ ስድብ ሆኖ የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሌላ የሚጠራ ቦታ አልነበረም። ጥንካሬው ግልጽ ነው፦ ከባድ ሕመም ያውቃሉ፣ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ ማስተኛም አለ። ድካሙም ግልጽ ነው። በጠዋት ካርድ ታወጣላችሁ፣ ወረፋ ትይዛላችሁ፣ ሐኪሙ ፊት የምትቀመጡት ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ሊያያችሁ ይችላል። ይሄ የሐኪሞቹ ግዴለሽነት አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊቲውን ለመማር ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። ዛሬም ቢሆን ሐኪሙ ጥቂት፣ ታካሚው ብዙ ነው።

ስሙን ለሚፈራ ሰው መሃል መንገድ አለ። ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስና ዘውዲቱ የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። ግቢው የሁሉም በሽታ ግቢ ስለሆነ፣ የሰፈር ሰው በር ላይ ቢያገኛችሁ ለጨጓራ ይሁን ለምን እንደመጣችሁ አያውቅም። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን «አማኑኤል አልሄድም» ብላ ሁለት ዓመት የቆየች ዘመዴ በመጨረሻ የሄደችው በዚህ ምክንያት ነው።

የግሉ ጥቅም ጊዜና አንድ ሰው ነው። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያው ባለሙያ ፊት ትቀመጣላችሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ሰው ነው። ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ቀጠሮ የሚሰጡም አሉ። ሰው የሚሳሳተው ዋጋው ላይ ነው። የንግግር ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 20 ሴሽን ይወስዳል። ስለዚህ የአንዱን ሳይሆን የስምንቱን ዋጋ አስሉ። ውዱ ጋ ሁለቴ ሄዶ ብር አልቆበት ከሚያቋርጥ ሰው፣ ርካሹ ጋ ስምንቱን የጨረሰ ይሻላል። አንዳንዱ ቦታ የካርድ ዋጋና የሴሽን ዋጋ ለየብቻ ነው፤ ሲደውሉ ሁለቱንም መጠየቅ ነው።

ውድ ስለሆነ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። እኔ የሄድኩበት ቦታ ሶፋው ለስላሳ፣ ቡናው የሚጣፍጥ ነበር። ግድግዳው ግን ኮምፔርሳቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከጎን ክፍል ያሉት ባልና ሚስት የሚጣሉት ኮንዶሚኒየሙ በማን ስም ይሁን በሚል እንደሆነ አወቅሁ። ያን ከሰማሁ በኋላ የራሴን ጉዳይ በሹክሹክታ ማውራት ጀመርኩ። አማካሪዋ ሁለቴ ስልክ አነሳች። ሁለተኛውን ስትዘጋ «እ… የት ነበርን? እናትሽ ጋ?» አለችኝ። እናቴን ያነሳ ሰው አልነበረም። ወጥቼ አልተመለስኩም። የመጀመሪያው ቀን የፈተና ቀን ነው፤ ተፈታኙ ግን እናንተ አይደላችሁም።

ባልና ሚስት፦ ሽማግሌ ወይስ ቴራፒስት

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ሐሳብ አለኝ። ብዙ የከተማ ልጆች ሽምግልናን ይንቃሉ፤ ቤተሰቦቻቸው ደግሞ ቴራፒን ይንቃሉ። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው።

ሽማግሌ ነፃ ነው፤ ቅዳሜ ከተጠራ እሑድ ይመጣል። ሥልጣንም አለው። አማትየዋን «አንቺ ደግሞ ከዚህ ቤት እጅሽን አንሺ» ማለት ይችላል። ቴራፒስት ይሄን አይችልም። ጠቡ ለወንድም በተበደረ ብር፣ በዘመድ ጣልቃ ገብነት፣ ወይም ደጋግሞ በሚመጣ እንግዳ ከሆነ፣ ደህና ሽማግሌ በሁለት ቁጭታ ይጨርሰዋል። ሕጉም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተዋቸውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚወስኑት የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ መወሰንን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ያም ሆኖ ዳኛው ተጋቢዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊልካቸው ይችላል፤ ካልሆነም እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል።

የሽማግሌ ችግሩ ዓላማው እርቅ መሆኑ ነው። የመጣው ለማስታረቅ ስለሆነ ሳያስታርቅ መሄድ ያሳፍረዋል። ስለዚህ አንዱን «ቻል አድርግ» ሊል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ «ቻይው» ነው የሚባለው። ገመናችሁም ከዚያ ክፍል ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሰርግ ላይ የአክስታችሁ አስተያየት ይለወጥባችኋል። ዱላ ባለበት ቤት ሽምግልና አደገኛ ነው። ተመትታ የወጣችውን ሴት መልሶ እዚያው ቤት ያስገባታል።

የጥንዶች ቴራፒስት አይፈርድም። ማን ትክክል እንደሆነ ይነግረኛል ብሎ የሚሄድ ሰው ተናዶ ይመለሳል። የሚያየው ስትጣሉ የምትደጋግሙትን ዳንስ ነው፦ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ዝም ይላል፣ ዝምታው ያናድዳታል፣ ድምፅዋ ይጨምራል፣ እሱ ጃኬቱን ይዞ ይወጣል። መተማመን ሲጠፋ፣ ልጅ ከተወለደ በኋላ ሁለቱ ባዕድ ሲሆኑ፣ አልጋው ሲቀዘቅዝ ቦታው እዚህ ነው። ይሄን ለሽማግሌ ማን ይናገራል? ጥሩው ባለሙያ መጀመሪያ አካባቢ ሁለታችሁንም ለየብቻ ያናግራችኋል፤ ቤት ውስጥ ፍርሃትና ዱላ መኖር አለመኖሩን የሚያጣራው ያኔ ነው። ለየብቻ ሳያናግር ቀጥታ «እሺ፣ ችግራችሁን ንገሩኝ» የሚል ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። የግል ቴራፒስታችሁንም የጥንዶች አታድርጉት። ሌላኛው ወገን ከመነሻው አንድ ለዜሮ ተመርቶ ነው የሚገባው።

የንስሐ አባት፣ ፓስተር፣ ኢማም

ለብዙ ሰው የመጀመሪያው በር ይሄ ነው፤ በኔ እምነት መጥፎ በር አይደለም። ነፃ ነው፣ ምስጢር ይጠበቃል፣ ሰውየው ቤታችሁን ያውቃል። ጠበል የሚሄድ ሰውንም አልከራከርም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒትህን ይዘሃል? ብዙ አደጋ የሚደርሰው በእምነቱ አይደለም፤ ኪኒኑ በድንገት ሲቆም ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። የአእምሮ መድኃኒትም ከዚያ አይለይም። «መድኃኒቱን ጣል» የሚል አጥማቂ ካጋጠማችሁ ሌላ ጠበል ቦታ ፈልጉ።

ኦንላይን

ጥቅሙ ትራፊክ የለም፣ ማንም አያያችሁም። ጉዳቱ ኔትወርክና ቤት ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሆኖ ስለ ባል ማውራት እንዴት ይሆናል? አንዷ ጓደኛዬ መኪናዋን ኖክ ማደያ ጥግ አቁማ፣ መስኮቱን ዘግታ ነው የምታወራው። ለድብርትና ለጭንቀት በቪዲዮ የሚሰጥ ቴራፒ በደንብ ይሠራል። ለከባድ ሕመም ግን አይሆንም።

አሜሪካ ላላችሁ ዋናው ነገር ፈቃድ ነው። ፈቃዱ በስቴት ነው፤ እናንተ ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ባለሙያው ቨርጂኒያ ያለ ሰው እንዲያክም የተፈቀደለት መሆን አለበት። ኢንሹራንሳችሁን እንደሚቀበልም ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ማኅበረሰቡ ውስጥ ስለሚኖር፣ አንዳንድ ሰው ሆን ብሎ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይመርጣል፤ አልፈርድበትም። አረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ደግሞ ቪዲዮ አይመቻቸውም። በድምፅ ብቻ፣ በዕረፍት ቀናቸው የሚያወራ ባለሙያ ይሻላቸዋል።

ቤተሰብ

ይሄኛው አጭር ነው፤ ምርጫው ገና ጠባብ ስለሆነ። አብዛኛው ወላጅ ልጁን ይዞ ይመጣና «አስተካክሉልኝ» ብሎ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። ወላጆቹንም ወደ ውስጥ የሚጠራ ባለሙያ ፈልጉ። ቤት ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ፣ ኪኒኑን የምትሰጠው እህት ስለ ሕመሙ ቁጭ ብላ መማሯ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳያገረሽ ይረዳል። ይሄን ትምህርት የሚሰጥ መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ እኔ ራሴ እንዴት እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ሦስት ቦታ ደወልኩ። የሁሉንም የትምህርት ደረጃና የሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ «መድኃኒት ቢያስፈልገኝ ማን ጋ ትልኩኛላችሁ?» የመጀመሪያው «እኛ ጋ ያለ መድኃኒት ሁሉም ይድናል» አለኝ። ሁለተኛዋ «ያኔ እናያለን» አለች። ሦስተኛዋ ትንሽ አሰብ አደረገችና «አብረን የምንሠራው ሳይካትሪስት አለ፤ ማክሰኞና ዓርብ ይገባል፤ እርስዎ ከፈቀዱ ወረቀት እንጽፋለን» አለችኝ። ማክሰኞ ለአሥር ሰዓት ቀጠሮ አስያዝኩ።