ከመሸጧ በፊት ለጠየቀችኝ ፋርማሲስት ትልቅ ምስጋና

ይሄን ለመፃፍ ሁለት ሳምንት አመነታሁ፣ የሴት ጉዳይ ስለሆነ አፍሬ ማለት ነው፣ ግን እሷን ሳላመሰግን መቅረት ደግሞ ህሊናዬ እምቢ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ለወራት የብልት ፈሳሽ ሲያስቸግረኝ ነበር። ከዓመታት በፊት አንዴ ፈንገስ ታክሜ ስለነበር አሁንም ያው ነው ብዬ በራሴ ደምድሜ ያኔ የታዘዘልኝን ክሎትሪማዞል፣ ያ በብልት በኩል የሚገባውን የፈንገስ ኪኒን፣ ሁለቴ ገዝቼ ተጠቀምኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። የሸጡልኝ ሰዎች አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም፣ እንደውም አንዱ ሰው ሁሉ እየሰማ "ለሚያሳክክ ነው?" ብሎ ጮክ ሲልብኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ነው የወጣሁት።

ሶስተኛ ጊዜ እሷ ጋ ገባሁ። የመድሃኒቱን ስም ስነግራት "ለራስሽ ነው እህቴ?" አለችኝና ሰው ወደሌለበት ጥግ ወስዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መጠየቅ ጀመረች። ቀለሙ ምን ይመስላል፣ ወፍራም ነው ቀጭን፣ ሽታ አለው ወይ፣ ያሳክክሻል ወይ፣ ሽንት ስትሸኚ ያቃጥልሻል፣ እምብርትሽ ስር ህመም ወይ ትኩሳት አለሽ፣ እርጉዝ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ በ6 ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ሆነብሽ? እንደዚህ ሳላፍር መልሼ አላውቅም።

ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ነጭ ሆኖ እንደ አይብ የተቆራረጠ ነው፣ በጣም ያሳክካል፣ ሽታው ግን እምብዛም ነው አለችኝ። የኔ ቀጠን ያለ፣ ግራጫ የሚመስል፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የአሳ ሽታ የሚመስል ሽታ ያለው ነበር። እሱ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው፣ የብልት ውስጥ ባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ የሚመጣው፣ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነ የፈንገስ መድሃኒት አይነካውም፣ ደግሞ ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚሄድ አረፋማ ከሆነ ትሪኮሞናስ የሚባል ይኖራል፣ እሱ በግንኙነት ስለሚተላለፍ ጓደኛሽም አብሮ መታከም አለበት አለችኝ። በአይን ብቻ በቁርጥ ስለማይታወቅ ተመርመሪ ብላ መድሃኒቱን አልሸጥልሽም አለችኝ። ገንዘቤን ይዤ የቆምኩ ደንበኛ ነኝ እኮ!

ምርመራው እንደጠረጠረችው ሆነ። ሜትሮኒዳዞል የሚባል የባክቴሪያ መድሃኒት ለ7 ቀን ታዘዘልኝ፣ ቢሻልሽም እንዳታቋርጪ ብላ ደጋግማ ነገረችኝ፣ ጨረስኩት፣ ጠፋ። ከሁሉም የገረመኝ ግን ሽታውን ለማጥፋት በሽቶ ሳሙና ውስጤን ድረስ ስታጠብ እንደነበር ጠይቃ ማወቋ ነው። ውስጡ በተፈጥሮው አሲድነት አለው፣ የሚጠብቁት ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ስትታጠቢ እነሱን ነው የምታጥቢያቸው፣ በውጭ በኩል ውሃ ይበቃል አለችኝ። እኔ እኮ ሽታው ሲብስ ይበልጥ እየታጠብኩ፣ ስታጠብ ደግሞ ይብስ ነበር።

ከዛ በኋላ የቤታችን ሴት ሁሉ እሷ ጋ ነው የምትሄደው። እህቴ በፔሬድ ህመም ስትንከባለል፣ ጨጓራ እንደሌለባት ጠይቃ ኢቡፕሮፌን ህመሙ ሲጀምር ነው የሚወሰደው፣ ከምግብ በኋላ፣ ማህፀኑን የሚያኮማትረው ነገር እንዳይመረት ስለሚያደርግ ህመሙ እስኪጠነክር መጠበቅ ጥቅም የለውም ብላታለች። ህመሙ በየወሩ እየባሰ ከሄደ ወይ ፓዱ በየሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ ግን ሀኪም ጋ ሂጂ ብላታለች። አክስቴ ደግሞ ወር አበባዋ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ትንሽ ደም አይታ "ድካም ነው" ብላ ቫይታሚን ልትገዛ ሄዳ ነበር። ፋርማሲስቷ ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ጠብታም ብትሆን መታየት አለበት፣ ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዢ ብላ ላከቻት። ፖሊፕ የሚባል ትንሽ ትርፍ ሥጋ ሆኖ ተገኘ፣ ወጣላት፣ ደህና ናት።

እድሜ ይስጥሽ የኔ እህት። ስሟን ሳላስፈቅድ እዚህ አልፅፍም፣ ግን ሄዳችሁ ማየት የምትፈልጉ ሴቶች ኢንቦክስ አድርጉልኝ የምትሰራበትን እነግራችኋለሁ። ከሄዳችሁ የምትወስዱትን ሌላ መድሃኒት በሙሉ ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።