ከቲቪው ጀርባ የትኛው ይቀመጥ? ራስበሪ ፓይ 4፣ ፓይ 5 ወይስ ኦሬንጅ ፓይ 5

ጎረቤቴ ሰሞኑን በር አንኳኩቶ፣ "ፊልም የማይበት ራስበሪ ፓይ ልገዛ ነው፤ አዲሱን ልውሰድ አይደል?" አለኝ። "መጀመሪያ ፍላሽህን አምጣ" አልኩት። ግራ ገባው። እኔ ግን የምሬን ነበር። ራስበሪ ፓይ ቲቪ ላይ የሚሰካ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ነው፤ ፓይ 4ና ፓይ 5 ሞዴሎቹ ናቸው፣ ኦሬንጅ ፓይ ደግሞ የሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ዕቃ።

የቪዲዮ ፋይል ታምቆ ነው የሚቀመጠው። ሲታይ ደግሞ እዚያው በዚያው መፈታት አለበት። ቺፑ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ከሌለ ዋናው ፕሮሰሰር በጉልበቱ ይፈታዋል። ጉልበት ካጠረው ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁም ጥሎት ይሄዳል። ደግሞ አንዱን ዓይነት የሚፈታ ቺፕ ሌላውን ላይፈታ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈቱ። "ቱልስ" በሚለው ሜኑ ውስጥ "ኮዴክ ኢንፎርሜሽን" አለ። ኮዴክ ማለት ቪዲዮው የታመቀበት ዓይነት ነው። ኤች 264 ይላል? ኤችኢቪሲ፣ ማለትም ኤች 265 ይላል? ወይስ ኤቪ1? ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የጎረቤቴ ፍላሽ ከዩቲዩብ በወረዱ ተከታታይ ድራማዎች ጢም ብሏል። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ኤች 264፣ ሁሉም 1080ፒ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ፓይ 4 አሁንም ጥሩ ዕቃ ነው። የወጣው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ግን ኤች 264ንም ኤችኢቪሲንም ለዚሁ በተሠራ ክፍል ይፈታል። ኤች 264 እስከ 1080ፒ፣ ኤችኢቪሲ ደግሞ እስከ 4ኬ በሴኮንድ 60 ፍሬም። ለፊልም ብቻ ከሆነ ባለ 2 ጊጋ ራሙ ይበቃል። ከጎኑ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ አለው። የቆየ ስፒከር ላላቸው፣ ወይም የኤቪ ቀዳዳ ብቻ ላለው አሮጌ ቲቪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፓይ 5 ላይ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኤች 264 የሚፈታው ክፍል ከቺፑ ላይ ተነስቷል። የቀረው የኤችኢቪሲው ብቻ ነው። አዲስ ዕቃ ከአሮጌው ያነሰ ነገር ይዞ ሲመጣ ግራ ያጋባል። ደግነቱ ፕሮሰሰሩ በጣም ፈጣን ስለሆነ 1080ፒ ኤች 264ን በጉልበቱ ይወጣዋል፤ ምስሉ አይቆራረጥም። 1080ፒ ኤቪ1ንም ይችለዋል፤ ፓይ 4 ግን እዚያ ላይ ይደክማል። ዋጋው በሙቀትና በመብራት ይከፈላል። ፋን ያለው ማቀዝቀዣ ግዙለት። ማታ ጸጥ ባለ ሳሎን ውስጥ ያ ፋን ይሰማል፤ እኔን ያናድደኛል። ጃኩም የለም።

ቻርጀሩን አደራ። ፓይ 4 ባለ 5 ቮልት 3 አምፒር ይፈልጋል፣ ፓይ 5 ባለ 5 አምፒር። እኔ መጀመሪያ በስልክ ቻርጀር አስነሳሁት። ፊልሙ መሀል ላይ ቮልቴጅ አነሰ የሚል ማስጠንቀቂያ እየመጣ፣ የሰካሁት ሃርድ ዲስክ እየጠፋ እየበራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሃርድ ዲስኩን ስረግም ከረምኩ። ኬብሉም እንዲሁ። ሁለቱም ፓዮች ላይ ያለው ቀዳዳ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ነው። ከሱቅ "ያው ነው" ተብሎ ሚኒ ተሰጥቶኝ ቤት ደርሼ አልገባ አለኝ። ፓይ 4 ላይ ደግሞ 4ኬ በ60 ፍሬም የሚወጣው ከፓወሩ ቀዳዳ አጠገብ ባለው ብቻ ነው፤ እሱም "ኮንፊግ" የሚባለው ፋይል ውስጥ ካስፈቀዳችሁት። ፓይ 5 ይህን ጣጣ አያውቅም።

ኦሬንጅ ፓይ 5ን ወረቀቱ ላይ ካያችሁት ሁለቱንም ያስንቃል። አርኬ3588ኤስ የተባለው ቺፑ ኤች 264፣ ኤችኢቪሲ፣ ቪፒ9 የሚባለውን ሌላ ኮዴክ፣ ኤቪ1 ሁሉንም በራሱ ክፍል ይፈታል፤ ኤቪ1ን እስከ 4ኬ፣ ሌሎቹን እስከ 8ኬ ድረስ። ችግሩ ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። የቺፑ ክፍል አለ ማለት ሊኑክስ፣ ማለትም እነዚህ ቦርዶች የሚሠሩበት ሲስተም፣ ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። ተራ ሊኑክስ ጭናችሁ ቪኤልሲ ብትከፍቱ ያ ሁሉ ክፍል ተኝቶ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሊለፋ ይችላል። እንዲነቃ ብዙ ጊዜ የአምራቹን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት)፣ ከዚያ ለዚሁ ቺፕ የተዘጋጀ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ቪዲዮ ፈቺ ሶፍትዌር፣ ከዚያ በዚያ የተሠራ ማጫወቻ መፈለግ አለ። መነካካት ለሚወድ ሰው ቅዳሜን የሚያስረሳ ሥራ ነው። ማዘር ማታ ዜና የምታይበት ዕቃ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። በሚቀጥለው አፕዴት ሲበላሽ ስልክ የሚደወለው ለናንተ ነው።

ፓይ ከገዛችሁ ደግሞ ምን ትጭናላችሁ? ለሳሎን የኔ ምርጫ ሊብሬኤሌክ ነው። ኮዲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ለማስነሳት ብቻ የተሠራ ትንሽ ሊኑክስ ነው። ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር የሚባለውን ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ፤ የሚዲያ ማጫወቻዎች ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለፓይ 4ና ለፓይ 5 የሚጫነው የተለያየ ስለሆነ አታቀላቅሉ። ሚሞሪ ካርዱ ላይ ጽፋችሁ ስትሰኩት ቀጥታ ኮዲ ይመጣል። የቲቪው ሪሞት ራሱ በኤችዲኤምአዩ በኩል ያዘዋል፤ ካላዘዘ ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሳምሰንግ ላይ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ የሚባለውን አብሩት። ሌላ የምወድለት ነገር፣ ዋናው ሲስተም የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይደለም። መብራት እልም ሲል ከተራ ሊኑክስ የተሻለ ይቋቋማል። ያም ሆኖ በሥርዓት አጥፉት።

ብሮውዘርም የቢሮ ፕሮግራምም እፈልጋለሁ ካላችሁ ራስበሪ ፓይ ኦኤስ ጫኑ። ቪኤልሲ የቺፑን ክፍል እንዲጠቀም ተስተካክሎ አብሮት ይመጣል። ኤምፒቪ የሚባለው ማጫወቻም ቀላልና ፈጣን ነው፤ ትዕዛዝ መጻፍ ለማይሰለቸው።

የኛ ሰው የሚገጥመው አንድ ነገር አለ። የአማርኛ ሰብታይትል ፊደል ሳይሆን ሳጥን በሳጥን ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ነው። ራስበሪ ፓይ ኦኤስ ላይ አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ከራሱ ማከማቻ መጫን ነው። ኮዲ ላይ ከሆነ የፎንቱን ፋይል ሚዲያ ውስጥ ወዳለው የፎንት ፎልደር ገልብጡና ከሰብታይትል ሴቲንግ ምረጡት።

ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ የአንድሮይድ ቦክስ ካለስ? ቺፑ አምሎጂክ ከሆነ ኮርኤሌክን በሚሞሪ ካርድ ሞክሩበት። የሊብሬኤሌክ ዘመድ ነው፤ አንድሮይዱንም አይነካውም። ብዙዎቹ ላይ የኤቪ ቀዳዳው ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ አለ። እሱን በስቴኪኒ ተጭኖ ይዞ ፓወሩን መሰካት ነው። ከተሳካ ምንም አልገዛችሁም።

ጎረቤቴ ባለ 2 ጊጋ ፓይ 4 ገዛ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ይህን ሰምታ እሷንም አማራትና ደወለችልኝ። "ምንድን ነው የምታዪው?" አልኳት። "ኔትፍሊክስ፣ በ4ኬ።" እነዚህ ቦርዶች ላይ በሊኑክስ ኔትፍሊክስ 4ኬ አይሰጥም፤ የቅጂ መብት ጥበቃው አይፈቅድም። ፈቃድ ያለው የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ እንድትገዛ ነገርኳት።