ሲሞር ዳንከን ጄቢ ፒክአፕ፦ ጩኸቱ የማን ነው?

ስለ ጄቢ፣ ስለ ሲሞር ዳንከን ድርጅት የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ)፣ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ተቃራኒ መልስ ያገኛል። አንዱ «ወፍራም ነው፣ ሶሎ ላይ ይዘፍናል» ይላል፤ ሌላው «ጆሮ ይበሳል»። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚለያያቸው አብዛኛውን ጊዜ የቮልዩም ፖቱ (የድምፅ መጠን ማዞሪያው) ነው።

ጄቢ (ኤስኤች-4) አልኒኮ 5 ማግኔት ያለውና 16.4 ኪሎ ኦም ገደማ የሚለካ የብሪጅ (ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ አጠገብ የሚገጠም) ሃምበከር፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ፣ ነው። 500 ኪሎ ኦም ፖት ላይ ቀጭኑ ድምፅ ብዙም ሳይነካ ያልፋል፤ አምፑም ብሩህ ከሆነ ያኔ ይወጋል። 250 ፖት ከዚያ ላይ ጥቂቱን ወደ ግራውንድ ስለሚያፈስ ጠርዙ ይለዝባል። ስለዚህ ስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) መሳይ ጊታር ላይ ያሉትን 250ዎች ለመንቀል አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ በእነሱ ስሙት። አዲስ ፖት ስትገዙም የተጻፈበትን አትመኑ፤ 500 ተብሎ 420 የሚለካ ስለማይጠፋ መልቲሜትር ያዙ።

የቶን ማዞሪያው (የድምፁን ብሩህነት የሚቀንሰው) ካፓሲተር ላይ ግን ገንዘብ አታባክኑ። ላዩ ላይ 223 የሚል፣ ማለትም 0.022 ማይክሮፋራድ፣ ይበቃል። 473 (0.047) ቶኑ ሲዘጋ ይበልጥ ያፍነዋል፤ ቶኑ ሙሉ ሲከፈት ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ የሚገኘውም ልኩ አንድ እስከሆነ ድረስ ከውዱ አይተናነስም።

ሽቦው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከጄቢ ከሚወጡት ሽቦዎች ጥቁሩ ወደ ስዊች (ፒክአፕ መምረጫው) ይሄዳል፤ ቀይና ነጩ እርስ በርስ ተበይደው በደንብ ይሸፈናሉ፤ አረንጓዴውና ባዶው ሽቦ ግራውንድ ላይ ያርፋሉ። የሌላው ፒክአፕ ሠሪ፣ የዲማርዚዮ፣ የሽቦ ቀለም ሌላ ስለሆነ (እዚያ ቀዩ ነው ወደ ስዊች የሚሄደው) የሌላ ፒክአፕ የሽቦ ሥዕል አትከተሉ። የቀይና ነጩ መጋጠሚያ ሳይሸፈን ቀርቶ ግራውንድ ከነካ አንዱ ጥቅል ይሞትና ድምፁ ይከሳል። ይህንኑ ሆን ብሎ በፑሽ-ፑል ፖት (ሲጎተት እንደ ስዊች በሚሠራ ፖት) ማድረግ ይቻላል፤ ጄቢ ላይ የቀረው ጥቅል ብቻውን 8 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሆነ ደካማ አይደለም።

ጊታሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ኬብል ሰክታችሁ፣ ቮልዩሙን ሙሉ ከፍታችሁ በኬብሉ ጫፍ በመልቲሜትር ለኩ። 16 ኪሎ ኦም ገደማ ካነበበ ደህና ነው፤ 8 ከሆነ አንዱ ጥቅል ጠፍቷል።

የፖቱን ጀርባ በ25 ዋት ካውያ መበየድ ችግር ያመጣል፤ እስኪሞቅ ስትጠብቁ ውስጡ ይቃጠላል። ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ በ40 ወይም በ60 ዋት ቶሎ ጨርሱ። ደብዛዛና የተድበለበለ ብየዳ አልያዘም ማለት ነው፤ ድገሙት።

ሌላው ጣጣ ፖቱ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ርካሽ ጊታሮች አነስ ያለ ፖት ስለሚይዙ ሲቲኤስ የተባለው ድርጅት ትልቁ ፖት አይገባም፤ 9.5 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ትራፓኖ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቀው ስለሚችል በክብ ሞረድ ቀስ እያላችሁ አስፉ። ብሪጁ የፌንደር ዓይነት ሰፊ ከሆነ ደግሞ ቲቢ-4 የሚባለውን ሰፊውን ጄቢ ግዙ፤ አለዚያ የዳር ክሮቹ ከፒክአፑ ብሎኖች ውጭ ይቀራሉ።

ጄቢ ለሮክና ለተጫነ (ዲስቶርሽን ላለው) ድምፅ ዋጋውን ያወጣል። ንጹህ ድምፅ ላይ ትዝታ ለሚመታ ሰው ግን አልመርጠውም፤ መካከለኛው ድምፅ ይበዛበታል። የሌላ ድርጅት የኔክ (በአንገቱ በኩል ያለ) ፒክአፕ ካላችሁና ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖ አፍንጫ አፍንጫ ካለ፣ የጄቢን ጥቁርና አረንጓዴ አቀያይሩ፤ ባዶው ሽቦ ግን ከግራውንድ አይነሳ።