«በረሃ ዝናብን እንደሚናፍቅ»፦ የኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል ስብስብ ከስምንት ወር በኋላ፣ ጅማ ላይ

የእንግሊዞቹ ጥንድ ሙዚቀኞች፣ የኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል፣ የዘፈን ስብስብ ያለበት ዲስክ «ላይክ ዘ ዴዘርትስ ሚስ ዘ ሬይን» ይባላል፤ «በረሃ ዝናብን እንደሚናፍቅ» እንደማለት ነው። ስሙ የተወሰደው «ሚሲንግ» ከተባለው ዘፈናቸው ግጥም ሲሆን፣ ድምፃዊቷ ትሬሲ ቶርንና ጓደኛዋ ቤን ዋት በእንግሊዟ ሃል ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በ1982 የጀመሩትን ጉዞ በአንድ ሲዲ ይቃኛል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከበጋው አንስቶ ክረምቱ እስኪጋመስ፣ በቤት ማጫወቻ፣ በስልክና በመኪና ቴፕ ስምንት ወር ተደምጧል። ዘፈኖቹ አላረጁም። ግን ዲስኩን እንዳገኙት፣ ባገኙት ስፒከር ብቻ የሚሰሙ ሰዎች ግማሹን ያጣሉ።

የስብስቡ ጉልበት የትሬሲ ድምፅ ነው። ዝቅ ያለ፣ የማይጮህ፣ ቃሉን እያስረዘመ የማያለቃቅስ ድምፅ ነው። ከሥሩ ያለው ሙዚቃ ግን በየጊዜው ተቀያይሯል። በ1984ቱ «ኤደን» አልበም የብራዚሉ ቦሳ ኖቫና የጃዝ ጊታር፣ በ1986 ሙሉ ኦርኬስትራ፣ በ1990 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ ቶሚ ሊፑማ ፕሮዲዩስ ያደረገው፣ ስታን ጌትዝ ሳክስፎን የነፋበት ሥራ አለ። በ1994 ወደ ጊታርና ወደ ዳኒ ቶምሰን ኮንትራባስ ተመለሱ፤ በ1996 ድራም ኤንድ ቤዝ ወደሚባለው፣ ከበሮው ፈጣን ቤዙ ከባድ ወደሆነ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ገቡ። ትዝታ የሚያውቅ ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ትዝታን በክራርም ተጫወቱት በኪቦርድ፣ ሆድ የሚያባባው ነገር ያው ነው። እዚህም መሣሪያው ይቀየራል እንጂ ናፍቆቱ አይቀየርም።

ለውጡ የመጣው ፋሽን ለመከተል አይመስለኝም። ቤን በ1992 ቸርግ ስትራውስ በተባለ ብርቅ በሽታ ተይዞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፣ አብዛኛው ትንሹ አንጀቱም ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሠሩት «አምፕሊፋይድ ኸርት» የተራቆተ አልበም ነው። ትሬሲ አልበሙ በወጣበት በ1994 ከማሲቭ አታክ የሙዚቃ ቡድን ጋር «ፕሮቴክሽን» አልበም ላይ ዘፈነች፤ ዝግ ያለ ከባድ ቤዝ ላይ ድምፅዋ እንዴት እንደሚያርፍ የታየው እዚያ ነው።

«ሚሲንግ» ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በስብስቡ ያለው አሜሪካዊው ዲጄ ቶድ ቴሪ ለዳንስ ቤት ያዘጋጀው ቅጂ ነው። በእንግሊዝ በ1995 ሦስተኛ፣ በአሜሪካ በ1996 ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል። የመጀመሪያው፣ ጊታር የሚያጅበው ቅጂ፣ «አምፕሊፋይድ ኸርት» ላይ ነው፤ እሱን ፈልጋችሁ ከዳንሱ በፊት አስገቡት። ሁለቱ ተከታትለው ሲሰሙ ቴሪ ሐዘኑን እንዳልነካው ይገባል። ትሬሲ ያው በቀስታ ትጠይቃለች፣ ከበሮው ብቻ ከሥሯ እየገፋ ይሄዳል። ስብስቡን ለአንድ ወር በዘፈኖቹ የትውልድ ዓመት ቅደም ተከተል ደርድሮ መስማትም ይህንኑ ያሳያል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ትንንሽ የብሉቱዝ ስፒከሮች ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን፣ እምብዛም አያወጡም። የ1996ቱ «ዎኪንግ ዉንድድ» አልበም ዘመን ዘፈኖች ደግሞ ክብደታቸው ከ60 ኸርዝ ግድም ጀምሮ ነው። በዚህ ምክንያት ፈጣኑ ከበሮ ብቻ እንደ ቆርቆሮ ሲንቃቃ ይሰማና አድማጩ «ምን ዓይነት ባዶ ነገር ነው» ይላል። ጥፋቱ የዘፈኑ አይደለም። የቤዝ ማጉያውን ቁልፍ መጫንም መፍትሔ አይሆንም፤ 120 ኸርዝ አካባቢን ያሳብጥና የትሬሲን ድምፅ ያፍነዋል። ዉፈር (ቤዝ የሚያወጣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ) ያለውን ስፒከር ከግድግዳው 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ ከጥግ አውጡት፣ ኢኳላይዘሩን ዜሮ ላይ ተዉት። ካልሆነ ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ ከማንኛውም ርካሽ ጂፓስ ይበልጣል።

የጅማ ክረምት የራሱ ጣጣ አለው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው፦ ትንፋሹን፣ የጊታር ክሩን፣ የቃላቱን ጫፍ። ስለዚህ የ1980ዎቹ ዘፈኖች ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ ይጠፋሉ፤ በማዳመጫ ወይም ዝናቡ ሲያባራ ነው የሚሰሙት። የአዲስ አበባው መንገድ ተቃራኒ ነው። ከሰኮሩ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል፣ ነፋሱ ደግሞ ቤዙን ይውጣል፤ ድምፅና ጊታር ይተርፋሉ። ለዝናብ ኤሌክትሮኒኩን፣ ለጊቤ አኮስቲኩን ማዘጋጀት ያዋጣል።

ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ጥራቱን አትሰስቱ። የሲዲ ድምፅ ሳይጨመቅ በደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ በ320 ኪሎ ቢት ኤምፒ3 2.4፣ በ128 ደግሞ 1 ሜጋ ባይት ያህል። ፍላሽ የሚሞሉ ቤቶች ቦታ ለመቆጠብ 128 ሲሰጡ ሲምባሉ እንደ ውኃ ይንሿሿል፣ የድምፅዋ ማስተጋቢያ ይቆራረጣል፤ እንዲህ ዝግ ባለ ሙዚቃ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ይሁን፤ ብዙ የመኪና ቴፖች ሌላውን አያነቡም። አንዳንዶቹ ደግሞ የሚያጫውቱት በስም ሳይሆን በተገለበጠበት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ፋይሎቹን 01፣ 02 ብላችሁ ቁጥር ስጡና አንድ በአንድ ገልብጡ።

ዲስኩ ራሱ የሚፈራው እርጥበትን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሽፋኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይረጥባል፣ ይሻግታል፣ ከዚያም ይጣበቃል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚገኙትን የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሁለት ሦስቱን ከዲስኩ ጋር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ማስቀመጥ ይበቃል። ሲጠረግ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ እየዞሩ አይደለም፤ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ማጫወቻው ሊያርመው የማይችለውን ያህል መረጃ በተከታታይ ያጠፋል። ጽሑፍ ያለበትን ፊትም ጠብቁ፤ አንጸባራቂው ሽፋን ያለው ከሱ ሥር ነው፣ እዚያ የተጫረ አይጠገንም። ዲስኩ ንጹሕና ጭረት የሌለው ሆኖ ከዘለለ ችግሩ ብዙ ጊዜ የማጫወቻው ሌንስ አቧራ ነው። መብራት ሲሄድ ማጫወቻውን ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመጣ የሚገባው ኃይል ማጫወቻውን ሊያቃጥል ይችላል።

የስብስቡ ትልቁ ጉድለት ዘመኑ ነው። ጥንዶቹ ከ1999ኙ «ቴምፐራሜንታል» 24 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ «ፊውዝ» የተባለውን አልበም አወጡ፤ ዲስኩ ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድሞ የወጣ ነው። በ«ፊውዝ» የትሬሲ ድምፅ ወፍሯል፣ ወርዷል፤ ኤሌክትሮኒኩ ደግሞ ቦታ ለቆላታል። ከእሱ ሁለት ሦስት ዘፈን ፍላሹ መጨረሻ ላይ ስትጨምሩ በ1984ቱ እና በእነዚህ መካከል ምንም አታስገቡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጎን ለጎን ስሟቸው።