ለታፈነ አፍንጫ፦ ጠብታ ወይስ የጨው ውሃ?

ጉንፋን ይዞት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲያያዘው ጆሮ ድፍን ይላል። አፍንጫና ጆሮን የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ፤ እሱ ሲዘጋ ጆሮ ግፊቱን ማስተካከል ያቅተዋል። ማስቲካ ማኘክ ትንሽ ይረዳል። አፍንጫውስ በምን ይከፈት?

ከፋርማሲ የሚገዛው ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን ያለው ጠብታ ፈጣን ነው። ያበጡትን የደም ሥሮች ያጠባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይመለሳል። ለመንገድና ለእንቅልፍ ሸጋ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሰው ሲወደው ነው። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካለፈ አፍንጫ ይለምደዋል፤ ሲተዉት ደግሞ ብሶበት ይታፈናል። ከዚያ ጠርሙሱን በኪስ ይዞ መዞር ይመጣል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምረው። የአዋቂውን ለሕፃን መጨመርም አይገባም።

የጨው ውሃ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ሱስ የለውም። ንፍጥ ያቀጥናል፣ አቧራ አጥቦ ያወጣል። አለርጂ ላለበት የምመርጠው ይህንን ነው። ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የማይሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ውሃው የግድ ፈልቶ ለብ ያለ ይሁን፤ የቧንቧውን እንዳለ አይጠቀሙ። ራስን ዘንበል አድርጎ በላይኛው ቀዳዳ ሲያስገቡት በታችኛው ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ዓይን ያስለቅሳል።

መታፈኑ ከ10 ቀን ካለፈ፣ ወይም ፊት ላይ ከባድ ሕመም፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም ከጆሮ የሚወጣ ፈሳሽ ካለ ሁለቱም አይበቁም፤ ሐኪም ይየው።